ከልደታ ሜዳ እስከ ቦሌ፤ ስለ አይሮፕላኖቻችን እርጅናና እድሳት

በአዲስ አበባ ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ ከልደታ ጋር በሚዋሰንበት በኩል፣ ሕዝቡ «ኦልድ ኤርፖርት» እያለ የሚጠራው ሰፈር አለ። ከሳር ቤት ወይም ከብሥራተ ገብርኤል ተነሥቶ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የሚያየው የግንብ ቤትና የአጥር ዛፍ፣ የሱቅና የትምህርት ቤት በር ነው እንጂ አይሮፕላን አይደለም። የሰፈሩ ልጆች ስሙን በየቀኑ ይጠሩታል፤ በዚያ ሜዳ መንገደኛ የጫነ አይሮፕላን ሲያርፍ ያየ ግን ከመካከላቸው የለም። ነገሩ ካለፈ በኋላ ስም ብቻ ምስክር ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለና፣ እኛም ይህን ስም እንደ ምስክር አቁመን አንድ ጥያቄ ልናቀርብለት አስበናል።

ጥያቄያችንም ይህ ነው። አንድ አገር ወይም አንድ መሥሪያ ቤት ዕድሜያቸው የገፋና ዓይነታቸው የተለያየ መሣሪያዎች በእጁ ሲገኙ፣ የትኛውን አስቀርቶ የትኛውን ማሰናበት ይገባዋል? ልዩ ልዩ የሆኑትን አንድ ወጥ ማድረግስ ምን ይጠቅማል፣ ምንስ ያስከፍላል? ይህ ጥያቄ ለአይሮፕላን ብቻ የሚቀርብ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ጥግ፣ ጎማቸው ተንፍሶ ሣር የበቀለባቸውን መኪናዎች ያላየ አንባቢ አይገኝም። ብዙ ጊዜ የሚቆሙትም ፈጽሞ ስለ ተሰበሩ ሳይሆን፣ አንዱ ከአንድ አገር በስጦታ፣ ሌላው ከሌላ አገር በግዢ የመጣ በመሆኑ፣ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አልሆን ስላለ ነው። ስለዚህ የአይሮፕላኖቻችን ታሪክ በጥንቃቄ ቢመረመር፣ የሕዝብ ንብረት በአደራ ለተሰጠው ሰው ሁሉ ትምህርት ይሆናል ብለን እናምናለን።

አይሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ነው። ይህም በንጉሥ ተፈሪ መኰንን ዘመን የተገዛ፣ ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥራ ሲሆን፣ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ያመጣውም አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ጥቂት ቆይቶም ዩንከርስ የተባለው የጀርመን አይሮፕላን ተከተለው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ደግሞ ፋርማን ከፈረንሳይ፣ ፊያትና ብሬዳ ከኢጣሊያ፣ ሞዝ ከእንግሊዝ፣ ፎከር ከሆላንድ እየመጡ ተጨመሩ። በጦርነቱ ዋዜማ በአገሪቱ የነበሩት አይሮፕላኖች በሁለት እጅ ጣቶች ከሚቆጠሩት እጅግ የማይበልጡ ሲሆኑ፣ የተሠሩት ግን በአምስት አገሮች ነበር።

ይህን ማለታችን የገዙትን ሰዎች ለመንቀፍ አይደለም። በቅኝ ገዢዎች ለተከበበች አንዲት ነጻ አገር፣ ሁሉን ከአንድ መንግሥት መግዛት በዚያ መንግሥት እጅ እንደ መውደቅ ሊቆጠር ይችል ነበር። ሆኖም ልዩነቱ ዋጋ ነበረው። እያንዳንዱ ዓይነት የራሱን መለዋወጫ፣ የራሱን የጥገና መጽሐፍ፣ ጠባዩን የሚያውቅ የራሱን መካኒክ ይፈልጋል። የፈረንሳዩ ሞተር ቢበላሽ ከጀርመኑ ተፈትቶ የሚገባለት ዕቃ የለም። የኢጣሊያ ሥራ ለሆነው አይሮፕላን ደግሞ ዕቃው የሚላከው ከኢጣሊያ ነው፤ በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. ድንበራችንን ጥሶ የገባው ወራሪም ኢጣሊያ ነበር። በሰላም ጊዜ ችግር ብቻ የነበረው ነገር በጦርነት ጊዜ አደጋ ሆነ።

በዚያው በ1928 ዓ.ም. ሉድቪግ ዌበር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ የሠራት አንዲት አነስተኛ አይሮፕላን በአየር ላይ ወጣች። በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ወራሪው ማርኮ ወደ አገሩ ወሰዳት፤ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰችውም ብዙ ዐሥርተ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ነው። ከገዛ አገር ወርክሾፕ የወጣችው አይሮፕላን አንዲት ብቻ ብትሆንም፣ ዛሬም ቢሆን የምትናገረው ቃል አላት፤ መሣሪያ የባለቤቱ የሚሆነው ባለቤቱ ፈትቶ ሊገጥመው ሲችል ነው ትላለች።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ነገሩ በሌላ መንገድ ተጀመረ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መንግሥት፣ ቲ ደብሊው ኤ ይባል ከነበረው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ውል ተደርጎ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ። መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያው በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። የተነሣበትም ዛሬ ስሙ ብቻ የቀረው የልደታ ሜዳ ነበር። ለሥራው የተገዙት አይሮፕላኖች አምስት ሲሆኑ፣ አምስቱም ሲ 47 የተባሉ አንድ ዓይነት ነበሩ።

እነዚህ አይሮፕላኖች አዲስ አልነበሩም። ዲሲ 3 ከተባለው የመንገደኛ አይሮፕላን ተወስደው ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሠሩ፣ ጦርነቱ ሲያበቃም ለአሜሪካ ጦር ትርፍ የሆኑ ነበሩ። ወንበራቸው በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ የወታደር መቀመጫ ስለ ነበረ፣ መንገደኛው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል፤ ጭነቱም በመካከል በገመድ ታስሮ ይሄዳል። ምቾት አልነበረውም። ነገር ግን የዚህ ዓይነት አይሮፕላን በጦርነቱ ጊዜ ከ10,000 በላይ ተሠርቶ ስለ ነበር፣ መለዋወጫው በየአገሩ ይገኛል፤ የሚያውቀውም መካኒክ በየአገሩ አለ። ሶቪየት ኅብረት እንኳ በፈቃድ በገዛ ፋብሪካዋ ትሠራው ነበር።

የአንድ ወጥነት ጥቅም እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። አምስቱ አይሮፕላኖች አምስት ዓይነት ቢሆኑ ኖሮ፣ በመጋዘን ተጠባባቂ ሆኖ የሚቀመጠው ሞተር ቢያንስ አምስት ዓይነት መሆን ነበረበት። አንድ ዓይነት ሲሆኑ ግን አንዱ ተጠባባቂ ሞተር ለአምስቱም ይደርሳል። አንድ መካኒክ አንድ ጊዜ የተማረውን በአምስቱም ላይ ይሠራበታል። አንድ አብራሪ ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ሲቀመጥ እጁ የሚያርፍበት መሪና መቆጣጠሪያ አይለወጥበትም፤ በደመናና በተራራ መካከል ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለሰው ብቻ ሳይሆን ለመሣሪያም ይሠራል።

ይሁን እንጂ አንድ ወጥ የሆነ ሁሉ ሳያረጅ አይኖርም። ሲ 47 የመንገደኛው ክፍል አየር የማይታመቅለት አይሮፕላን ነው፤ ስለዚህ በደጋችን ተራሮች ላይ ከፍ ብሎ በሄደ ቁጥር መንገደኛው ትንፋሽ ያጥረዋል። ሥራው ሲሰፋም አነሰ። በ1943 ዓ.ም. ኮንቬየር 240 የተባሉ ሁለት አይሮፕላኖች መጡ። እነዚህ አየራቸው የታመቀና አርባ ያህል ሰው የሚይዙ ነበሩ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ባለ አራት ሞተር ዲሲ 6 ቢ መጥተው በአቴና በኩል እስከ ፍራንክፈርት ድረስ በረሩ፤ በ1953 ዓ.ም. አፍሪካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጠው እስከ ሞንሮቪያ ደረሱ። በዚህ ጊዜ የአየር መንገዱ አይሮፕላኖች ዓይነት ሦስት ሆነ።

አንባቢ ሆይ፣ ከጦርነቱ በፊት የነበረው መደባለቅ ተመልሶ መጣ ብለህ እንዳታስብ። የፊተኛው ልዩነት የመጣው ሻጩ ስለ በዛ ነው፤ የኋለኛው የመጣው ሥራው ስለ በዛ ነው። ለገጠር ሜዳ ሲ 47፣ ለመካከለኛ መንገድ ኮንቬየር፣ ለረዥም መንገድ ዲሲ 6 ቢ ተመደበ፤ በእያንዳንዱ ሥራ ውስጥ ግን ዓይነቱ አንድ ነበር። እኛም ከዚህ ታሪክ ያገኘነው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ መሣሪያ አንድ ወጥ የሚሆነው በሥራው ልክ ነው። ሥራው ሁለት ከሆነ ሁለት ዓይነት መያዝ ብክነት አይደለም፤ ለአንድ ሥራ አምስት ዓይነት መያዝ ግን ብክነት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ አይሮፕላኑን ብቻ ሳይሆን ምድሩንም የነካ ነው። አየር መንገዱ ቦይንግ 720 ቢ የተባሉትን የጄት አይሮፕላኖች ለማስመጣት በወሰነ ጊዜ፣ የልደታ ሜዳ አጭር ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ የሳሳ ስለሆነ፣ ክንፍ የሚያነሣው ክብደት ያንሳል፤ የሞተሩም ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ በአጭር ሜዳ የሚነሣው ጄት በአዲስ አበባ እጅግ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። በዚህም የተነሣ በከተማው ምሥራቅ ደቡብ በቦሌ አዲስ የአይሮፕላን ማረፊያ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያም መንደርደሪያውና የመቆጣጠሪያው ማማ ለሥራ ደረሱ። ጄቶቹ በዚያው ዓመት መጥተው ሥራ ጀመሩ፤ ልደታም «የድሮው» ተባለ።

እንግዲህ መሣሪያን ማደስ ማለት መሣሪያውን ለውጦ መቀመጥ ማለት አይደለም። አዲሱ አይሮፕላን አዲስ ሜዳ፣ አዲስ የነዳጅ ማደያ፣ አዲስ መጠገኛ አዳራሽ፣ ከሁሉም በላይ አዲስ ዕውቀት ያስከትላል። ይህን ሁሉ ሳያሰላ አዲስ ዕቃ የሚገዛ መሥሪያ ቤት፣ በሬ ገዝቶ ቀንበርና ሞፈር እንደ ረሳ ገበሬ ይሆናል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና፣ ስለ ዕውቀቱም ጥቂት እንናገር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብራሪዎቹና ሹሞቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ይህ ነገር ግን እንደ ልማድ ሆኖ አልቀረም። በሰኔ ወር 1949 ዓ.ም. ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመንገደኛ አይሮፕላን በአዛዥነት በማብረር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ፤ የታዘዘላቸውም ያው የጦርነት ትራፊ የነበረው አይሮፕላን ነበር። በ1956 ዓ.ም. ገደማ የአብራሪዎች ትምህርት ቤት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የአይሮፕላን ጥገና ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1963 ዓ.ም. ገደማ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። አሮጌዎቹ ሲ 47 አይሮፕላኖች እንግዲህ መንገደኛና ጭነት ብቻ አላመላለሱም፤ አንድ ትውልድ ሙሉ የተማረባቸው ሰሌዳዎች ነበሩ።

ደግሞም ጄት በመጣ ማግስት አሮጌው አልተጣለም። በዚያን ጊዜ በየጠቅላይ ግዛቱ የነበሩት ብዙዎቹ የማረፊያ ሜዳዎች አጭር፣ ሣር ወይም ጠጠር የለበሱ ነበሩ። በእነዚህ ሜዳዎች ላይ ጄት ሊያርፍ አይችልም፤ ዲሲ 3 ግን ሰፊ ክንፉንና ጠንካራ እግሩን ይዞ ያርፍባቸዋል። ስለዚህ በቦሌ ጄቶች እየተተኩ ሲሄዱ፣ አሮጌው አይሮፕላን በአገር ውስጥ በረራ ለብዙ ዓመታት አገለገለ። ሁለተኛው ትምህርታችንም ይህ ነው፤ የመሣሪያ እርጅና በልደቱ ቀን ብቻ አይለካም። ሥራውን በደኅና የሚሠራና ዕቃው የሚገኝለት መሣሪያ አላረጀም፤ ዕቃው የጠፋበትና የሚያውቀው ሰው የሌለው ግን ትናንት ቢሠራም ያረጀ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ አገሪቱ በመንግሥት ሥርዓት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተወዳጀች። አየር ኃይሉም የአሜሪካ ሥራ ከነበሩት ተዋጊ አይሮፕላኖች ወደ ሚግ ተሻገረ። በአየር መንገዱ ቤት ግን የቦይንግ ዘር አልተቋረጠም። ከ720 ቢ በኋላ በ1960 ዓ.ም. ቦይንግ 707 መጥቶ ነበር፤ ከዚያም 727 ተከተለ። በካፒቴን መሐመድ አሕመድ የሥራ አስኪያጅነት ዘመን፣ በግንቦት ወር 1976 ዓ.ም.፣ ቦይንግ 767 የተባለው ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን ከዋሽንግተን ተነሥቶ በየትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ይህን መንገድ ከ13 ሰዓት በላይ በርሮ በመፈጸሙ፣ በዚያን ጊዜ ለባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን በዓለም አዲስ የርቀት ክብር ተመዘገበለት። በመጋዘን የተከማቸው ዕቃና በመካኒኩ ራስ ውስጥ የተከማቸው ትምህርት፣ የፖለቲካ ነፋስ በዞረ ቁጥር ተጥሎ እንደገና የሚገዛ ነገር አይደለምና፣ ያ ቀጣይነት የአየር መንገዱ ሀብት ሆነ።

በዓለም ላይም በዚህ ሐሳብ የበለጸጉ አሉ። በአሜሪካ ሳውዝዌስት የተባለው አየር መንገድ በ1963 ዓ.ም. መብረር ከጀመረ ወዲህ፣ ከሞላ ጎደል በቦይንግ 737 ብቻ እየሠራ ከትልልቆቹ ተርታ ገብቷል። የእኛው አየር መንገድ ግን መንገዱ ከአንድ አገር ውስጥ ስለማይወሰን፣ በየሥራው ልክ መከፋፈሉን ጠበቀ። ለአገር ውስጥ መንገድ ፎከር 50 የነበሩት ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለኪው 400 ቦታ ለቀቁ። ለረዥም መንገድ የቦይንግ 787 በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ሲደርስ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆነ፤ በሰኔ 2008 ዓ.ም. የመጣው ኤርባስ ኤ 350ም እንዲሁ። በ2010 ዓ.ም. የአየር መንገዱ አይሮፕላኖች ቁጥር አንድ መቶ ደረሰ። ከአምስት የጦርነት ትራፊ ተነሥቶ እዚህ መድረስ የሚያኮራ ነው።

ነገር ግን እውነተኛ ታሪክ የሚያኮራውን ብቻ ቆጥሮ አያበቃም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ፣ ከተነሣ ስድስት ደቂቃ ያህል በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ፣ የተሳፈሩት 157 ሰዎች ሁሉ አለቁ። አይሮፕላኑ አላረጀም ነበር፤ ለአየር መንገዱ ከተሰጠው ገና አራት ወር ያህል ነበረው። ከዚያ ቀደም ሲል በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ አንድ ሌላ ማክስ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። በሁለቱም አደጋዎች አንዲት የመለኪያ መሣሪያ የተሳሳተ ምልክት በሰጠች ጊዜ፣ የአይሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ፈቃድ ወደ ታች የሚገፋ ሥርዓት ተነሥቶ አብራሪዎቹን ታግሎ እንዳሸነፋቸው ታውቋል።

ይህ ሥርዓት እንዴት ወደዚያ አይሮፕላን ገባ ቢባል፣ መልሱ ከያዝነው ጉዳይ አይርቅም። 737 የተባለው ዓይነት ከተፀነሰ ከአምሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ፋብሪካው አዲስ ዓይነት ከመፍጠር ይልቅ በአሮጌው አካል ላይ ትልልቅ አዲስ ሞተሮች ገጠመ፤ ሞተሮቹ የአይሮፕላኑን ጠባይ በጥቂቱ ስለ ለወጡት፣ አብራሪው ልዩነቱ እንዳይሰማው ያ ሥርዓት ተጨመረ። ዓላማው የቀድሞውን 737 የሚያውቅ አብራሪ ብዙ ትምህርት ሳይጨመርለት ወደ አዲሱ እንዲሻገር ነበር። አንድ ወጥነት እዚህ ላይ ራሱ ጌታ ሆነ፤ ልዩ የሆነውን ነገር አንድ አስመስሎ ማቅረብ አንድ ማድረግ አይደለም። አብራሪውም ሊያውቀው የሚገባው ነገር ተሸሸገበት።

አደጋው ሌላም ነገር አሳየ። ማሳውን በሙሉ በአንድ ዓይነት ስንዴ የሸፈነ ገበሬ በደኅናው ዘመን አጨዳው ይቀልለታል፤ ዋግ የገባ እንደሆነ ግን የአንዱ ዛላ በሽታ የማሳው ሁሉ በሽታ ነው። የማክስ ዓይነት በዓለም ዙሪያ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከበረራ ታገደ። አየር መንገዳችን የቀሩትን ማክሶች ያቆመው ዓለም ገና በሚያመነታበት ሰዓት ነው፤ እንደገና ያበረራቸውም ማሻሻያው ተመርምሮ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በጥር ወር 2014 ዓ.ም. ነበር። የአንድ ዓይነት ባለቤት ለመሆን የሚፈልግ ሁሉ፣ ያ ዓይነት የታገደ ቀን በምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ማሰብ እንዳለበት ከዚህ ይማራል።

እነሆ ከልደታ ሜዳ የተነሣው ነገራችን ወደ ፍጻሜው ደርሷል። ያረጀውን ማሰናበት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ያረጀው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የጥገና መዝገቡን የሚያነብ ሰው ነው እንጂ ቀለሙን የሚያይ አይደለም። ልዩ ልዩ የሆነውን አንድ ማድረግም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አንድ መሆን የሚገባው ለአንድ ሥራ የቆመው ነው፤ አንድ ሲሆንም ጉድለቱ አብሮ አንድ እንደሚሆን መታወቅ አለበት። ከሁለቱም በላይ የሚያስፈልገው በሻጩ ቃል ሳይታለል፣ መሣሪያውን ከሥሩ ፈትቶ የሚመረምር የተማረ ሰው ነው። ለመምህራንና ለተማሪዎችም የተላለፈው አደራ ይኸው ይመስለናል።

በኦልድ ኤርፖርት የሚያልፍ ሰው እንግዲህ ጥቂት ቆም ብሎ ይመልከት። ሜዳው የተለቀቀው ስለ ተናቀ አይደለም፤ የተሰጠውን ሥራ ፈጽሞ፣ ከእርሱ የሚበልጠውን ሥራ ለቦሌ አስረክቦ ነው። ለመሣሪያም፣ ለሹምም፣ ለሜዳም ቢሆን ከዚህ የተሻለ የስንብት ሥርዓት አናውቅም።